ሽማግሌ የቀደመው ፍቅር

ዝናብ ነው ያመጣት።

የሐምሌ ዝናብ ፍኖተ ሰላም ላይ ሲጥል ሰው አይመርጥም፤ ያገኘውን ሁሉ በየቆርቆሮው ሥር ይሰበስባል። ያን ቀን ከአጎቴ ከአያ ቸኮለ ጎሚስታ ቤት በረንዳ ላይ ከተጠለሉት መካከል ነጠላዋን በራሷ ላይ የጣለች አንዲት ልጅ ነበረች። ሌላው ሰው ሰማዩን ያያል፤ እሷ የያዘችውን ወረቀት ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ውዳሴ ማርያም የምትደግም መስሎኝ ነበር።

እኔ ከአንድ ባጃጅ ጎን ተንበርክኬ ጎማ እፈታለሁ። ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ጸሎት አይደለም፤ እንግሊዝኛ ነው።

«ፍላይ... ፍላይድ። ዘይ ፍላይድ...»

«ፍሉ» አልኩ ሳላስበው።

ዞራ አየችኝ። እጄ ግራሶ፣ ግንባሬ ግራሶ።

«ምን አልክ?»

«ፍላይድ የሚባል የለም። በረሩ ለማለት ፍሉ ነው የሚባለው።»

በረንዳው ላይ ያለው ሰው ዝናቡን ትቶ እኛን ማየት ጀመረ። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ወረቀቷን አጥፋ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችና «አንተ ጎማህን ለጥፍ» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዝናቡ ሳያባራ ወጥታ ሄደች። እኔም ጎማዬን ለጠፍኩ፤ ግን የተቀዳደደውን ትቼ ደህናውን ነበር የምለጥፈው።

በማግስቱ ፀሐይ ነበር። መጠለያ የሚያሻው ሰው የለም። እሷ ግን መጥታ እዚያው በረንዳ ላይ ቆመች። የምታስነፋው ጎማ አልያዘችም። ምን ልታዘዝ ብላት ጫማዋን እያየች

«መምህራችንም ፍሉ ነው አለን» አለች። «ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ግማሹን ተሳስቻለሁ።»

ያምሮት ትባላለች። አባቷ ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ከቡሬ ወዲህ ባለ ገጠር በርበሬና በቆሎ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። እሷ ፍኖተ ሰላም ታላቅ እህቷ መሰረት ቤት ተቀምጣ እንግሊዝኛ ትማራለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም፤ እንደኔው ማለት ነው። አየር መንገዱ ባሕር ዳር ላይ የበረራ አስተናጋጆችን ሊመለምል ነው ሲባል ሰምታ አባቷን ለመነች። እሳቸውም አንዴ ብቻ ሞክሪ አሏት። ካለፍሽ እሰየው፤ ካላለፍሽ ተመልሰሽ ትዳር ትይዣለሽ።

ፈተናው የቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ። የት እንደተማረች፣ ትናንት ምን እንዳደረገች ሲጠይቋት ያለፈውን እንዳለፈ አድርጋ መናገር ነበረባት። እሷ ግን ያለፈውና የሚመጣው እየተደባለቀ ያስቸግራታል። መምህሯ የሰጣት ወረቀት ላይ ያለው ሰዎች መጀመሪያ እንዴት እንደበረሩ የሚተርክ ጽሑፍ ነው። ግሶቹ ወጥተው ቦታቸው ባዶ ተትቷል፤ ባዶውን ባለፈ ጊዜ ሙሉ ይላል። ማታ እሸመድዳቸዋለሁ፣ ሲነጋ የሉም አለችኝ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከሰው ብዙም አልገጥምም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚመላለሰው አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ የብሎን ቁልፌን ጥዬ ማንጋጠጥ ነው ሥራዬ። ስልኬ ላይም ስለ በረራ ያላነበብኩት የለም። ስለዚህ ግሶቹን ለጊዜው ተያቸው አልኳት፤ መጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቅሽ። ሁለት አሮጌ ጎማ አነባብሬ ካርቶን ጣል አደረግኩበትና አስቀመጥኳት።

«ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ሥራቸው ብስክሌት መጠገን ነው።»

«እንዳንተ?»

«እንደኔ። እነሱ ግን ሰንሰለት እያጠበቁ ክንፍ ያስባሉ።»

«አንተስ ምን ታስባለህ?»

«ሰንሰለት።»

ሳቀች። ሳቋ ከጉንጯ ሳይሆን ከዓይኗ ነው የሚጀምረው።

የወንድማማቾቹ አባት ጳጳስ ነበሩ ስላት ግን አላመነችኝም። ጳጳስ ደግሞ ከየት አምጥቶ ልጅ ይወልዳል ብላ ሞገተችኝ። በነሱ ሃይማኖት ይወልዳል ብልም አልሆነ። የአጎቴ ሚስት እትዬ ወይኒቱ ከጓዳ ሆነው «የሰው አገር ጳጳስ ምን ያደርግልሻል፣ ግስሽን ያዢ!» ሲሏት ነው ክርክሩ የቆመው።

ታሪኩን እየቆረስኩ ነገርኳት። ነፋስ የበዛበት፣ አሸዋ የሞላው ዳርቻ መረጡ። ክንፉን በጨርቅ ሸፈኑ። ማን ይውጣበት ተባባሉና በሳንቲም ዕጣ ጣሉ። ዕጣው ለታላቁ ወጣ፤ ተነሣ፤ ወዲያው ወደቀ። ጠገኑት። ተራው የታናሹ ሆነ፤ በረረ። እንዴት ያለ በረራ መሰላችሁ? አንድ አባታችን ሆይ ተደግሞ አያልቅም። ግን በረረ። በዚያው ቀን ነፋስ መጥቶ አውሮፕላናቸውን ገለበጠውና ሰባበረው። እነሱም ስብርባሪውን ለቃቅመው ለገና ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ።

መረጡ ባልኩ ቁጥር እሷ በእንግሊዝኛ ትመርጣለች፤ ወደቁ ስል ትወድቃለች። ፎል፣ ፌል። ቹዝ፣ ቾዝ። ሰዎቹን ስትወዳቸው ግሶቹም መሄዳቸውን ተዉ።

ከሁሉ የወደደቻት ግን አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። የገበሬ ልጅ ነች። ጥጥ ለቅማ ያደገች። መብረር እማራለሁ ብትል በአገሯ ያሉ ትምህርት ቤቶች በሙሉ በር ዘጉባት። እሷም ፈረንሳይኛ ተማረች፤ ባሕር ተሻገረች፤ በፈረንሳዮች አገር አብራሪ ሆነች። ይህችን ሴት ያምሮት ደጋግማ አስነገረችኝ። ንገረኝ ትለኛለች፣ እነግራታለሁ።

«ይሄ ያለፈ ጊዜ ደስ ይላል» አለችኝ አንድ ቀን። «ሁሉም አልፏል። ማንም አይፈራም።»

ክረምቱ እንዲህ አለቀ። መስከረም ጠባ። መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ የፈተናው ቀን ደጋግሞ ተላለፈ። እኔ በሆዴ ለያንዳንዱ መተላለፍ ስለት አስገባ ነበር። እትዬ ወይኒቱ «ይቺ ልጅ ጎማዋ የሚያልቀው መቼ ነው?» እያሉ ይተርቡኛል። አያ ቸኮለ ደግሞ እሷ ስትመጣ ጎማ መንፊያውን ያጠፋሉ፤ ድምፅ እንዳይረብሸን።

አያ ቸኮለን ላስተዋውቃችሁ። አባቴና እናቴ በልጅነቴ ሲሞቱ የአባቴ ወንድም እሳቸው ናቸው ያነሱኝ። ልጅ አልወለዱም። ቁጣቸውም ፍቅራቸውም በሥራ ነው። አሞኛል ካልኩ የኔን ቁልፍ ይዘው ይሠሩልኛል እንጂ እንዴት ነህ አይሉኝም። ነገር ማዘግየት አይወዱም፤ ሰፈሩ «ስም ይወጣል ከቤት» እያለ ይስቅባቸዋል።

በጥቅምት መጨረሻ ጎማ ለማምጣት ቡሬ ተላክሁ። ያምሮትም የበርበሬ ለቀማ ስለደረሰ ቤተሰቧን ለመርዳት ቡሬ ዘልቃ ጆንያ ገዝታ ወደ ገጠር ልትገባ ነበር። አንድ ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ በመስኮት እያየች ያየችውን ሁሉ ባለፈ ጊዜ ተናገረች። በሬው ሣር በላ። ሴትዮዋ ውኃ ቀዳች። ሰውየው ከበቅሎ ወረደ። አጠገባችን የተቀመጡ ቄስ ይቺ ልጅ ፈረንጅ ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ቡሬ መናኸሪያ ስንወርድ ገበያው ሞልቶ ነበር። የገዛችውን ጆንያ ይዤላት በባጃጆች መካከል ቆምን።

«ላቀው።»

«አቤት።»

«አንድ ነገር ልትነግረኝ ትፈልጋለህ። አይደል?»

ጆንያውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«አትንገረኝ» አለች። «ከፈተናው በፊት አትንገረኝ። አሁን ከነገርከኝ አልሄድም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

«እሺ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

ጆንያዋን ከእጄ ተቀበለች። ጥቂት ራመድ ብላ ዞረች።

«ስመለስ ግን ዝም ካልክ... እኔ እነግርሃለሁ።»

የዚያን ቀን ከቡሬ ፍኖተ ሰላም የመጣሁት በሚኒባስ አይመስለኝም።

ያምሮት ከለቀማው ከተመለሰች በኋላ ፈተናው በቁርጥ ለኅዳር ሚካኤል ማግስት ተባለ። በዚያው ሰሞን አያ ቸኮለ ደምበጫ ሄጄ ጎማ የሚገጠምበት አንድ የመኪና ቸርኬ እንዳመጣ ላኩኝ። ቸርኬው አልተገኘም። ባዶ እጄን ስመለስ ሱቁ ዝግ ነው። እቤት ስገባ አጎቴ በቀን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። መሪጌታ ኪዳነ ማርያምና ጎረቤታችን ጋሽ አንዷለም ግራና ቀኛቸው። እትዬ ወይኒቱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ የደስታ ነው።

የሆነውን የነገሩኝ እየተቀባበሉ ነው። ማልደው ተነሥተው ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ደጅ ሄደው ቆመዋል። እንደ ወጉ ሽማግሌ ደጅ ይቆማል፤ የልጅቷ አባት አንዴ ይመልሳል፣ ሁለቴ ይመልሳል። ግቡ፣ ተቀመጡ ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙት ከመሪጌታ ኪዳነ ማርያም እግር ሥር ነው። መምህራቸውን በፀሐይ ማቆም አልሆነላቸውም።

«በመጀመሪያው ቀን ተቀመጡ አሉን» አሉ አያ ቸኮለ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «አባትህ ቢኖር ያደርግልህ የነበረውን ነው ያደረግኩት።»

ልዋሻችሁ አልችልም። ከጭንቅላቴ በፊት ገላዬ ደስ አለው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከዚያ ቀና ስል ነው ቡሬ መናኸሪያ ትዝ ያለኝ።

እሷ ታውቃለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሦስቱም ተያዩ። ጋሽ አንዷለም ክረምቱን ሙሉ በረንዳችሁ ላይ የከረመች ልጅ እንዴት አታውቅም ብለው ሳቁ። ለአባቷም ያሉት ይህንኑ ነው። እንግሊዝኛው ለካ ሰበብ ነው፣ ልጆቹ ተግባብተዋል ብለው አባቷ በደስታ እሺ አሉ።

በማግስቱ ያምሮት መጣች። እህቷ መሰረት ባጃጅ ውስጥ ሆና ትጠብቃታለች፤ ሻንጣዋ ከኋላ ተጭኗል። አባቷ ዛሬውኑ ትምጣ ብለው ልከውባታል። የታጨች ልጅ ባዕድ ፊት ቆማ ቁመቷን አታስለካም፣ ገላዋ ላይ ጠባሳ አለ ወይ ተብላ አትጠየቅም ብለዋል። ፈተናው ቀርቷል።

ጎማ ላይ አልተቀመጠችም።

«አትንገረኝ ብዬህ አልነበረም?»

«ያምሮት ሙቺ፣ አላወቅኩም። ከደምበጫ ስመለስ ነው የሰማሁት።»

«ሽማግሌ ያለ ባለቤቱ ይሄዳል?»

«ሄዷል። አያ ቸኮለ ለኔ ብለው...»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ልታምነኝ ፈልጋ ነበር፤ አይቻታለሁ።

«እሺ አላወቅክም» አለች። «ስትሰማስ? ደስ አላለህም?»

አላለኝም ማለት ነበረብኝ። እሷም መልሱን ከፊቴ አነበበችው።

ዓይኗ ሞላ። ግን አላፈሰሰችውም። «አንዴ ብቻ ነበር የተፈቀደልኝ» አለችና ወደ ባጃጁ ሄደች። ስትሄድ ወደኋላዋ አልዞረችም።

ሱቁን ጥዬ አጎቴን ለመንኩ። ልጅቷ ፈተናዋን ትፈተን፤ ጋብቻው ይቆይ በሉልኝ አልኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ። ኋላ እንቅልፍ እንደራቀኝ ሲያዩ መሪጌታን ይዘው ሄዱ። ይዘውት የመጡት መልስ እንደ ድንጋይ ነበር። ጋሽ ወልደ ዮሐንስ እንዲህ ብለዋል። ልጄ ነፃ ሳለች አንዴ ሞክሪ ብያታለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። ታጨች፤ አሁን ክብሯ የባሏ ነው። ወይ ትሂድ፣ ወይ ትታጭ። ሁለቱን አንድ ላይ እኔ አላውቅም። እጮኝነቱን እኔ አላፈርስም፤ ያፈርስ እንደሆነ የላከው ያፍርስ። ግን ሽማግሌውን ያነሳ ሰው ያን በር ዳግመኛ አያንኳኳም።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ዝም ካልኩ ያምሮት የኔ ናት። በጥር ሠርግ ይሆናል፤ እሷም እያደር ትረሳው ይሆናል። ከተናገርኩ ትሄዳለች፤ እኔ ግን ለዘላለም አጣታለሁ። ሦስተኛ መንገድ ፈለግኩ። የለም።

አያ ቸኮለን ሽማግሌውን ያንሱልኝ ብላቸው «እኔን ቅበርና አንሳ» አሉኝ። ጠጉራቸው በሸበተበት ዕድሜ የተቀመጡበትን ቤት ተመልሰው ማዋረድ አይችሉም። አልፈረድኩባቸውም። የፈተናው ቀን ሳይደርስ ራሴ ሄድኩ።

ከአስፋልቱ ወርጄ በእግር ነው የሄድኩት። ግቢው ውስጥ በርበሬ ተሰጥቷል፤ መሬቱ ሁሉ ቀይ ነው። ያምሮት ከእናቷ ከእትዬ ጌጥነሽ ጋር ቁጭ ብላ ትለቅማለች። ስታየኝ እጇ ቆመ። ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ከበሬዎቻቸው ዘንድ መጡ፤ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ናቸው።

«ሽማግሌ ልኮ ራሱ የመጣ ወንድ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

«ሽማግሌውን ላነሳ ነው የመጣሁት፣ አባቴ።»

«ማን ላከህ?»

«ማንም።»

«ልጄ ምን ጎደላት?»

«እሷ ምንም አልጎደላትም። እኔ ነኝ ያልደረስኩት።»

«ያልደረስክ ከሆነ ሽማግሌ እደጄ ምን አደረሰው?»

አጎቴን አሳልፌ ልሰጥ አልቻልኩም። አቀረቀርኩ። እሳቸው ቀርበውኝ ሴቶቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትወዳታለህ?»

«እባክዎ እሱን አይጠይቁኝ።»

ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ በርበሬው ዞሩ። ሲመለሱ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። ልጄን ጥሏት ነው እንዳይባል በሰው ፊት ትናገረዋለህ አሉኝ። ጎረቤት ተጠራ። የደብሩ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ሰው እስኪሰበሰብ እትዬ ጌጥነሽ ወንበር አመጡልኝ፤ ልቀመጥ አልደፈርኩም።

በሰው ፊት እንዲህ አልኩ።

«እኔ ላቀው ለያምሮት አልበቃሁም። ጉድለቱ የኔ ነው። ዛሬም ወደፊትም ይህን በር ለጋብቻ አላንኳኳም።»

መስቀሉን ተሳለምኩ። ቀና ስል ዓይኖቿ ላይ አረፍኩ። መጀመሪያ እፎይ ያለች መሰለኝ፤ ትሄዳለችና። ከዚያ ያልኩት ነገር ዞሮ ገባት። በሁለት እጇ የያዘችው በርበሬ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ስወጣ እትዬ ጌጥነሽ እስከ አጥሩ ተከተሉኝ። ምንም አልመረቁኝም፤ ምንም አልረገሙኝም። ጉንጬን በመዳፋቸው ነክተው ተመለሱ። እናት እጇ እንዲህ ነው ለካ አልኩ በልቤ።

ያምሮት ከወንድሟ ጋር ባሕር ዳር ሄደች። ተፈተነች። አለፈች። ዜናውን የሰማሁት ከእህቷ ከመሰረት ነው። ሳልጨርስ ያቆምኩትን ጎማ ጨርሼ ነፋሁ፤ ከዚያ ከሱቁ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

አያ ቸኮለ ከዚያ ወዲህ ከሥራ ቃል በቀር አልተናገሩኝም። ቁልፍ አቀብል፣ ጎማ ያዝ፣ በቃ። መሪጌታ በኛ በረንዳ ማለፍ ተዉ። ገበያ ላይ ሽማግሌዎቹን ያዋረደው ልጅ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ለጥምቀት ዕረፍት ወስዳ መጣች። ጠዋት ነው፤ ሱቅ ስከፍት በረንዳው ላይ ቆማ አገኘኋት። ጠጉሯን ወደኋላ አስራለች። ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው፤ አስተምረዋት መሰለኝ። ዓይኗ ግን ያው ነው።

የት የት እንደሄደች ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ባሕሩን ከላይ ሲያዩት የተሰጣ ሰማያዊ ጨርቅ ይመስላል አለች።

«ያን ቀን ደስ ብሎህ ስለነበር ተናድጄብህ ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ሽማግሌ መጣ ሲሉኝ መጀመሪያ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ለዚህ ነው እንደዚያ የተናደድኩት።»

የያዝኩትን መፍቻ መሬት ላይ አኖርኩ።

«አባዬን ለምኛለሁ» አለች። «አለቀሰ፤ አባዬ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ግን መስቀል የተሳለመበት ነገር ነው፣ አልችልም አለኝ። ላቀው... አዲስ አበባ ና። ማንንም ሳንጠይቅ እንጋባ። ደመወዝ አለኝ። አንተም ሥራ አታጣም።»

«እናትሽስ?»

የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ያለ ምርቃት ከወሰድኩሽ አባትሽ በር ይዘጉብሻል» አልኳት። «እትዬ ጌጥነሽን በስርቆት ነው የምታዪያቸው። እኔ እናት አባት የሌለው ሰው ነኝ ያምሮት። እንዴት እንደሚያድር አውቀዋለሁ። አንቺን እንደዚያ ሆነሽ ላይሽ አልችልም።»

«እኔ እችለዋለሁ።»

«እኔ አልችልም።»

ያኔ አለቀሰች። እኔ እጄ ግራሶ ስለነበር እንባዋን ልጠርግላት አልቻልኩም። ወይም ለዚያ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከሄደች በኋላ እትዬ ወይኒቱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ አልተረቡኝም።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ያለፈው ሚያዝያ ስለሆነ ነገር ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለ ቅዳሜ የአዲስ አበባ ሰሌዳ ያለው አንድ ነጭ ሚኒባስ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። የኋላ ጎማው ተንፍሷል። ነጭ ጋቢ የለበሱ አረጋውያን አንድ በአንድ ወረዱ። መካከላቸው ጥምጥም ያደረጉ አንድ ቄስ ነበሩ። ወሬያቸውን አልሸሸጉም። ለሽምግልና ነው የመጡት፤ የአንድ ኢንጂነር አጎቶች ናቸው። ልጅቷ አየር መንገድ ነው የምትሠራው፣ ወላጆቿ እዚህ ከቡሬ ወዲህ ገበሬዎች ናቸው፤ ጋሽ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ ታውቃለህ ወይ አሉኝ።

አውቃቸዋለሁ አልኩ።

አያ ቸኮለ ከሱቁ ውስጥ ሰምተዋል። ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና

«አንተ ግባ ልጄ» አሉኝ። «እኔ እሠራዋለሁ።»

ሽማግሌውን ካነሳሁ ወዲህ ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።

«አይ አያ» አልኩ። «እኔ ልሥራው።»

ክሪኩን ከመኪናው ሥር አስገብቼ አነሣሁት። ጎማውን ፈታሁ። ውኃ ውስጥ ነክሬ ቀዳዳውን ፈለግኩ፤ ሚስማር ነበር። ነቀልኩት፣ ፋቅኩት፣ ለጠፍኩት። አያ ቸኮለ መለጠፊያውን፣ ማስቲሹን፣ መፍቻውን ሳልጠይቅ ያቀብሉኛል። ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ቆመው ስለ ልጅቷ ጨዋነት ይጫወታሉ።

ጎማውን መልሼ አሰርኩ። መንገዱ ከአስፋልት ከወረደ በኋላ ኮረኮንች ነው፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ደግሜ አጠበቅኳቸው። ዋጋው ስንት ነው ሲሉ አያ ቸኮለ ለሽማግሌ አናስከፍልም አሉ።

መታጠፊያውን ነገርኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑን አልፋችሁ በስተቀኝ፣ በርበሬ ማሳውን ይዛችሁ ግቡ። አባትዮው ረጅም ናቸው፤ ዝም ሲሉ አትፍሩ። እናትዮው ወንበር ያመጣሉ።

ቄሱ መረቁኝ። አንተም የልብህን ያግባህ አሉኝ። አሜን አልኩ።

ሄዱ። ደረሱ። ተቀመጡ ተባሉ።